የጤፍ ዱቄቱን ክስ ይዞ መቆም፦ የፓተንት ክርክርን በምስለ ችሎት እንዴት እንለማመድ?

ተማሪ ሳለሁ መጀመሪያ የቆምኩበት ምስለ ችሎት ጉዳዩ የጤፍ ፓተንት ነበር (ፓተንት ማለት ሌሎች ፈጠራውን ያለ ፈቃድ እንዳይጠቀሙበት ለባለቤቱ የሚሰጥ መብት ነው)። ተከሳሽን ወክዬ አምስት ደቂቃ ሙሉ ተናገርኩ። ጤፍ የአያት ቅድመ አያቶቻችን እህል ነው፣ ማንም ከውጭ መጥቶ የኔ ሊለው አይችልም አልኩ። አዳራሹ አጨበጨበ። ጭብጨባው ሲያበቃ የመሃል ዳኛዋ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ፦ "የተከሳሽ ጠበቃ፣ ከክሌይም 1 ውስጥ ከማመልከቻው ቀን በፊት የታወቀው የትኛው ነጥብ ነው? ያመልክቱን።" መልስ አልነበረኝም። ክሌይሙን፣ ማለትም ባለመብቱ የመብቱን ወሰን ያሰመረበትን ዐረፍተ ነገር፣ በቅጡ አላነበብኩትም።

የተናገርኩት ውሸት አልነበረም። ግን ቁጣ እንጂ ማስረጃ አልነበረም። የፓተንት ክርክር የሚከብደው እዚህ ላይ ነው፤ ሁሉም ነገር በአንዲት ዐረፍተ ነገር ዙሪያ ይሽከረከራል፣ ከሷ ውጪ የሚባለው ሁሉ ዳኛ ጆሮ አይገባም። ይሄን ደግሞ መጽሐፍ አንብቦ ማወቅ ይቻላል፣ መልመድ ግን አይቻልም። የሚለመደው ቆሞ ነው። ስለዚህ ተማሪዎችን ሳለማምድ የምሄድበትን መንገድ እንደወረደ ላካፍላችሁ። ሕግ ተማሪ ብትሆኑ፣ ጀማሪ ጠበቃ ብትሆኑ፣ ወይም ፈጠራችሁን ማስጠበቅ የምትፈልጉ ኢንጂነሮች ብትሆኑ ይሠራል።

ጉዳዩን ምረጡ፤ እኔ ጤፉን እመርጣለሁ

ብዙ ሰው በመድኃኒት ወይም በስልክ ፓተንት ይጀምራል። አታድርጉት። ኬሚስትሪውን ሳትረዱ ሁለት ሳምንት ያልፋል። ጤፍን ግን ሁላችንም እናውቀዋለን፣ ክሱም እውነተኛ ነው።

ታሪኩ በአጭሩ እንዲህ ነው። (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ኤች.ፒ.ኤፍ.አይ የተባለ የኔዘርላንድ ኩባንያ በ2003 ስለ ጤፍ ዱቄት አሠራር የፓተንት ማመልከቻ አስገባ። በ2005 ከኢትዮጵያ ጋር በጤፍ ዝርያዎች አጠቃቀምና በጥቅም መጋራት ላይ ስምምነት ተፈራረመ። በ2007 የአውሮፓ ፓተንት ቢሮ ፓተንቱን ሰጠው። በ2009 ኩባንያው ከሰረ። ፓተንቱ ኤንሸንትግሬይን በሚባል ሌላ ኩባንያ እጅ ገባና፣ ይሄኛው ደግሞ ቤከልስ የተባለውን የዳቦ ግብዓት አምራች መብቴን ጣሰ ብሎ ዘ ሄግ ላይ ከሰሰው። ቤከልስም ቀድሞውኑ ፓተንቱ ሊሰጥ አይገባም ነበር ብሎ ተከራከረ። ፍርድ ቤቱ ኖቬምበር 21 ቀን 2018 ተከሳሹን ሰማው፤ ፓተንቱ የፈጠራ ብቃት የለውም፣ ማለትም ለሙያው ሰው ግልጽ ከሆነው አያልፍም፣ ተብሎ በኔዘርላንድ ዋጋ አጣ።

ሁለት ነገር ልብ በሉ። ኢትዮጵያ በዚህ ክስ ውስጥ ተከራካሪ ወገን አልነበረችም። ፍርዱም የሚመለከተው ኔዘርላንድን ብቻ ነው፣ ምክንያቱም በጊዜው የአውሮፓ ፓተንት ከተሰጠ በኋላ በየአገሩ ለየብቻው የሚቆም መብት ይሆን ነበር። ከልምምዱ በፊት እነዚህን ሁለቱን ያልገባው ተማሪ ችሎት ላይ ይሳሳታል፣ አይቼዋለሁ።

ሰውና ጊዜ

አሥር ሰው ካገኛችሁ ሸጋ ነው። ሁለት የከሳሽ ጠበቃ፣ ሁለት የተከሳሽ ጠበቃ፣ ለየወገኑ አንድ አንድ ሙያዊ ምስክር፣ ሦስት ዳኞች፣ አንድ ሰዓት ያዥ። በስድስት ሰውም አድርገን እናውቃለን፤ ያኔ ዳኛው አንድ ይሆንና ጠበቆቹ ይቀንሳሉ። ሰዓት ያዡን ግን ዳኛው ላይ አትደርቡ። የዝግጅት ጊዜ አራት ሳምንት ይበቃል።

ክሌይሙን በመቀስ ቁረጡት

ቀልድ አይደለም፣ ወረቀትና መቀስ አምጡ። ኤስፓስኔት የሚባለው የአውሮፓ ፓተንት ቢሮ የመፈለጊያ ድረ ገጽ ላይ ኢፒ (EP) 1646287 ብላችሁ ብትፈልጉ ሰነዱን በነፃ ታገኙታላችሁ። ብዙ ገጽ አለው። መጀመሪያ የሚነበበው ግን መጨረሻ ላይ ያለው ነው፦ ክሌይሞቹ፣ ማለትም ባለመብቱ "አጥሬ እስከዚህ ድረስ ነው" ብሎ ያሰመረባቸው ዐረፍተ ነገሮች።

ክሌይም 1 ሲቀል እንዲህ ይላል፦ ኢራግሮስቲስ ከሚባለው የእህል ወገን የተሠራ ዱቄት፣ እህሉ በተፈጨበት ቅጽበት የመውደቂያ ቁጥሩ ቢያንስ 250 የሆነ። በቃ ይሄው ነው። (የመውደቂያ ቁጥር ምን እንደሆነ ቀጥለን እናያለን።) አሁን ቁረጡት። አንዱ ቁራጭ "ዱቄት"። ሁለተኛው "ኢራግሮስቲስ ከሚባለው ወገን"፣ ጤፍ እዚህ ውስጥ ነው። ሦስተኛው "የመውደቂያ ቁጥሩ ቢያንስ 250"። አራተኛው "በተፈጨበት ቅጽበት"።

አራቱን ግድግዳ ላይ ለጥፏቸው። ከሳሽ ጥሰት አለ ለማለት አራቱንም በተከሳሽ ምርት ውስጥ ማሳየት አለበት፤ አንዷ ከጎደለች ክሱ ይወድቃል። ተከሳሽ ደግሞ አንዷን ብቻ መንቀል ይበቃዋል። ተማሪዎቼ ይሄን ግድግዳ ላይ ካዩ በኋላ አነጋገራቸው ይቀየራል። "ጤፍ የእኛ ነው" የሚለው የትኛው ቁራጭ ላይ እንደሚለጠፍ ራሳቸው መፈለግ ይጀምራሉ።

ቴክኒኩን ወጥ ቤት ውስጥ ተማሩት

የመውደቂያ ቁጥር፣ ፎሊንግ ነምበር የሚሉት፣ በስዊድን ሃግበርግና ፐርተን የተባሉ ሰዎች የሠሩት የእህል ጥራት መለኪያ ነው። 7 ግራም ዱቄት ከ25 ሚሊ ሊትር ውኃ ጋር በመስታወት ቱቦ ይበጠበጣል። ቱቦው የፈላ ውኃ ውስጥ ይገባል። በዘንግ 60 ሰከንድ ይማሰላል። ከዚያ ዘንጉ ይለቀቃል፣ ወደ ታች እስኪወድቅ ሰከንዱ ይቆጠራል። ማማሰያው 60 ሰከንድም ድምሩ ውስጥ ይገባል። ቁጥሩ ትልቅ ከሆነ ድብልቁ ወፍራም ነው፣ ትንሽ ከሆነ ቀጥኗል።

የሚያቀጥነው ምንድነው? እህል መብቀል ሲጀምር የሚበዛው ስታርች ሰባሪ ኢንዛይም ነው። ይሄን ለኛ ሰው ማስረዳት ቀላል ነው፣ ብቅል እናውቃለና። ገንፎ አገንፉ። ሁለት ሳህን ላይ እኩል አድርጉት። ከፈላው ወርዶ በጣት የሚነካ ሙቀት ላይ ሲደርስ አንዱ ላይ አንድ ማንኪያ የብቅል ዱቄት ጨምሩና አማስሉ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ማንኪያ አቁሙባቸው። ያለ ብቅሉ ገንፎ ውስጥ ማንኪያው ቀጥ ብሎ ይቆማል። ብቅል የገባበት ግን አጥሚት መስሎ ማንኪያው ይሰምጣል። (እየፈላ ከጨመራችሁት አይሠራም፣ ኢንዛይሙ በሙቀት ይሞታል።)

አንድ ቡድን ይሄን ችሎት ድረስ ይዞት መጥቶ ነበር። ምስክራቸው ሁለቱን ሳህን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ማንኪያዎቹን ተከለ። ከዚያ በኋላ አንድም ዳኛ "የመውደቂያ ቁጥር ምንድነው?" ብሎ አልጠየቀም። የፓተንት ጠበቃ ግማሽ ሥራው ይሄ ነው፤ ከሰዓት በፊት ስለ ሌላ ነገር ሲሰማ የዋለ ዳኛ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ቴክኒኩን እንዲረዳው ማድረግ።

ፋይሉን ዝጉት

ለልምምዱ የምትፈጥሩትን ፍሬ ነገር በሦስት ገጽ ጻፉና ከዚያ ወዲያ ማንም አዲስ ነገር እንዳይጨምር አድርጉ። ፓተንቱ እውነተኛ ይሁን፤ ኩባንያዎቹን ግን ኩባንያ ሀ እና ኩባንያ ለ በሏቸው፣ ምክንያቱም የምትፈጥሩት ፍሬ ነገር የእውነተኛ ድርጅት ስም ላይ መለጠፍ የለበትም።

እኔ የምጠቀምበት ፋይል ውስጥ ያለው ይሄ ነው። ኩባንያ ሀ ከሱቅ ሦስት ከረጢት የኩባንያ ለ የጤፍ ዱቄት ገዝቶ ላቦራቶሪ አስመርምሯል። ውጤቱ 270፣ 285 እና 244። ከረጢቶቹ ላይ ያለው የተፈጨበት ቀን ከምርመራው አምስት ወር ይቀድማል። ኩባንያ ለ ወፍጮው ላይ የመውደቂያ ቁጥር የሚመዘግብበት መዝገብ የለውም።

አያችሁት ችግሩን? ክሌይሙ የሚያወራው እህሉ በተፈጨበት ቅጽበት ስለነበረው ቁጥር ነው። የተለካው ግን አምስት ወር የቆየ ዱቄት ነው። የዛሬው 270 የዚያን ቀኑን ቁጥር ያሳያል ወይ? ከሳሽ ይሄን የሚያገናኝ ድልድይ መሥራት አለበት፣ ተከሳሽ ድልድዩን ማፍረስ። ሦስተኛው ከረጢት 244 መሆኑስ? እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች ፋይሉ ሆን ብሎ ክፍት ይተዋቸዋል። መልስ ያለው ፋይል ክርክር አይወጣውም።

ቁጣውን ወደ ማስረጃ ቀይሩት

አሁን ዋናው ላይ ደረስን። ተከሳሽ ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው አልጣስኩም ማለት ነው። ሁለተኛው፣ በኛ አነጋገር የተከሳሽ ከሳሽነት ክስ አቅርቦ ፓተንቱ ራሱ ይሰረዝ ማለት።

"ጤፍ የእኛ ነው" የሚለው ስሜት ቦታ የሚያገኘው እዚህ ሁለተኛው ውስጥ ነው፣ ግን ልብስ መቀየር አለበት። እንዲህ ይሆናል፦ ከ2003 በፊት የመውደቂያ ቁጥሩ ከ250 በላይ የሆነ ጤፍ እየተፈጨ ለሕዝብ ይሸጥ ነበር። ማንም አልለካውም፣ ግን ነበር። ይሄ በአውሮፓ ሕግ ባዶ ክርክር አይደለም። የአውሮፓ ፓተንት ቢሮ ታላቁ የይግባኝ ቦርድ በ1992 ጂ 1/92 በሚባለው አስተያየቱ፣ ለሕዝብ የቀረበ ምርት ሊመረመርና ደግሞ ሊሠራ የሚችል ከሆነ ውስጡ ያለው ነገር የታወቀ እንደሆነ ይቆጠራል፤ ሰው ለመመርመር ምክንያት ነበረው አልነበረውም ለውጥ አያመጣም ብሏል።

ስለዚህ ጠይቁ። የት ነበር የሚሸጠው? የገበሬ ጎተራ ውስጥ ያለ ጤፍ ለሕዝብ የቀረበ አይደለም። እህል በረንዳ የተሸጠው ግን ነው። ማን ገዛ? መቼ? ወፍጮ ቤት ከመግባቱ በፊት ስንት ወር ቆየ? አሮጌ ጤፍ ከአዲስ ጤፍ ይለያል ብላ እናቴ የምትናገረው ነገር እዚህ ጋ ዋጋ ያገኛል፤ ፓተንቱ ራሱ እህሉ ከታጨደ በኋላ ቆይቶ መብሰሉን ያነሳልና። ያንን ደግሞ የሚናገር ምስክር፣ የሚለካ ላቦራቶሪ፣ የዛሬው ናሙና የ2003ቱን ይወክላል የሚል ማብራሪያ ያስፈልጋል። ከሳሽ እያንዳንዱን ክር ይጎትታል። ይጎትት።

ሁለተኛው የማፍረሻ መንገድ ዘ ሄግ ላይ ያሸነፈው ነው፦ የፈጠራ ብቃት። አውሮፓ ውስጥ የሚዘወተረው አካሄድ ደረጃ አለው። ለፈጠራው በጣም የሚቀርበው የታወቀ ነገር ምንድነው? ልዩነቱስ? ልዩነቱ የትኛውን ችግር ይፈታል? በሙያው መካከለኛ ዕውቀት ያለው ሰው ያንን ችግር ሊፈታ ሲነሳ ወደዚህ መፍትሔ ይሄድ ነበር? "መሄድ ይችል ነበር" በቂ አይደለም። "ይሄድ ነበር" መባል አለበት። ተከሳሽ፣ የስንዴ ነጋዴ ሁሉ በዚህ ቁጥር ይገበያያል፣ ለጤፍ መሞከር የሚጠበቅ ነው ይላል። ከሳሽ፣ ጤፍ ግሉተን የለውም፣ የስንዴ መለኪያ እዚህ ይሠራል ብሎ የሚጠብቅ አልነበረም ይላል። ሁለቱም የሚያስኬድ ክርክር ነው።

ሕጉን ስታነቡ የየትኛውን አገር ችሎት እንደምታስመስሉ ቀድማችሁ ወስኑ። የኛው የፓተንት አዋጅ ቁጥር 123/1987 (ዓመቱ እንደኛ አቆጣጠር ነው) እንደ አውሮፓው ሁሉ በዓለም የትም ቦታ በጽሑፍ፣ በቃል ወይም በአጠቃቀም ለሕዝብ የተገለጠውን ሁሉ የታወቀ ይለዋል። አሜሪካ ያላችሁ ተማሪዎች ደግሞ ተጠንቀቁ፤ የ2011 ማሻሻያ ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት የነበረው የአሜሪካ ሕግ ውጭ አገር በአጠቃቀም ብቻ የታወቀን ነገር አይቆጥርም ነበር፣ የታተመ ጽሑፍ ይፈልጋል። ያ የእህል በረንዳ ማስረጃ ዋሽንግተን ላይ ዋጋ ላይኖረው ይችል ነበር ማለት ነው። እዚያ ሌላም የሚለይ አለ። የክሌይምን ትርጉም የሚወስነው ጁሪው (ከሕዝብ የተመረጡት ፈራጆች) ሳይሆን ዳኛው ነው፣ በ1996 በማርክማን ጉዳይ እንደተባለው። ፓተንት ለማፍረስም ከተለመደው የፍትሐ ብሔር ሚዛን ከፍ ያለ፣ ግልጽና አሳማኝ ማስረጃ ይጠየቃል።

ጽሑፉ

ክስ፣ የመከላከያ መልስ፣ የመልስ መልስ። ለየአንዳንዱ ከአራት ገጽ አይለፍ። ዳኞቹ የሁለቱን ወገን ጽሑፍ አንብበው ከችሎቱ ሦስት ቀን በፊት ጭብጥ፣ ማለትም ችሎቱ የሚወስናቸውን ጥያቄዎች፣ ይያዙ፤ ብዙውን ጊዜ ሁለት ጭብጥ ይበቃል።

ምስክርና መስቀለኛ ጥያቄ

እዚህ ላይ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ኔዘርላንድ ውስጥ የፓተንት ክርክር በአብዛኛው በወረቀት ነው፣ ባለሙያም አስተያየቱን በጽሑፍ ያቀርባል። እኛ ግን ለመማር ስንል መስቀለኛ ጥያቄ እናስገባለን። የሚያስተምረው እሱ ነዋ።

ምስክር የሚሆነው የሕግ ተማሪ ባይሆን ይመረጣል። የምግብ ሳይንስ ወይም የኬሚካል ኢንጂነሪንግ ጓደኛ ፈልጉ። ጠበቃው ያልገባውን ነገር ሸፋፍኖ እንዲያልፍ አይፈቅዱለትም።

የመስቀለኛ ጥያቄ ደንቡ አጭር ነው፦ በአንድ ጥያቄ አንድ ነጥብ፣ መልሱ "አዎ" የሚሆን፣ መልሱንም ቀድማችሁ የምታውቁት። የተከሳሽ ጠበቃ የከሳሽን ባለሙያ ሲጠይቅ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

— የመውደቂያ ቁጥር ለስንዴ ከ2003 በፊት ይሠራበት ነበር?
— አዎ።
— ዱቄት ፋብሪካዎች ስንዴ ሲገዙ ይለኩታል?
— ይለካሉ።
— ዝቅ ያለ ቁጥር እህሉ መብቀል እንደጀመረ ያሳያል?
— አዎ፣ በአብዛኛው።
— በበቀለ እህል የተጋገረ ዳቦ ውስጡ ይጣበቃል?
— ይጣበቃል።
— ጤፍም ስታርች አለው?
— አለው።

እዚህ ጋ ቁጭ በሉ። ስድስተኛዋ ጥያቄ፣ "ታዲያ ለጤፍ መጠቀሙ ግልጽ አልነበረም?" የምትለዋ፣ ምላሳችሁ ላይ ትመጣለች። ዋጧት። ከጠየቃችሁ ባለሙያው ጤፍና ስንዴ ለምን እንደሚለያዩ የአሥር ደቂቃ ትምህርት ይሰጣል፣ የገነባችሁትም ይፈርሳል። ያችን ዐረፍተ ነገር ለማጠቃለያ ንግግር አስቀምጧት። ብዙ ጎበዝ ተማሪ እዚች ላይ ነው የሚወድቀው።

የችሎቱ ቀን

መክፈቻ ለየወገኑ 5 ደቂቃ። ለየምስክሩ ዋና ጥያቄ 10፣ መስቀለኛ 15፣ ድጋሚ 3። ማጠቃለያ 15፣ ተከሳሽ ከሳሽነቱ ላይ 3 ደቂቃ ይጨመርለት። ከሁለት ሰዓት ብዙም አያልፍም። ሰዓቱ ሲያልቅ ዐረፍተ ነገሩ መሃል ላይ ቢሆንም ቁረጡ።

ዳኞቹ ዝም ካሉ ልምምዱ ሞተ ማለት ነው። ክሌይሙን እጃቸው ላይ ይዘው ያቋርጡ። ለምን 250? 240 ላይ የማይሠራ፣ 250 ላይ የሚሠራ ነገር ሰነዱ ውስጥ የት አለ? ከሦስት ከረጢት አንዱ ከወሰኑ በታች ከሆነ የትኛው ሽያጭ ነው ጥሰት የሚባለው? ክሌይሙን ለጥሰት ሲሆን አስፍታችሁ፣ ለማዳን ሲሆን አጥብባችሁ ታነቡታላችሁ፣ የቱን እንመን? ይቺ የመጨረሻዋ ከሳሽን ሁሌም ላብ በላብ ታደርገዋለች።

ጠበቆች፣ ስትጠየቁ ወረቀታችሁን ልቀቁ። መጀመሪያ "አዎ" ወይም "አይደለም" በሉ፣ ከዚያ "የተከበረው ፍርድ ቤት፣ ምክንያቱም…" ብላችሁ ቀጥሉ። "ወደሱ እመለሳለሁ" አይባልም። የማታውቁትን አናውቅም ማለት ይቻላል፣ ፋይሉ ውስጥ የሌለ ፍሬ ነገር መፍጠር ግን አይቻልም፤ እኔ ዳኛ ስሆን ለዚህ ብቻ ነጥብ እቀንሳለሁ።

ከፍርዱ በኋላ

ዳኞቹ 20 ደቂቃ ተመካክረው በቃል ይወስኑ፣ በየጭብጡ። ከዚያ አስተያየት ለየሰዉ በየተራ፤ አንድ ጥሩ፣ አንድ የሚስተካከል፣ ከተናገረው ቃል ጋር። "ጎበዝ ነበርክ" አስተያየት አይደለም። "ሦስተኛው ከረጢት ላይ ስትጠየቅ ወደ ክሌይሙ ተመልሰህ 'ቢያንስ' የምትለዋን ቃል አነበብክ" ነው አስተያየት። የዘ ሄጉን ፍርድም አሁን ክፈቱት። በደች ነው፣ በማሽን ትርጉምም ቢሆን ይነበባል። ከችሎቱ በፊት ያነበበ ቡድን ፍርዱን ይደግማል እንጂ አይከራከርም፣ ለዚህ ነው እስከዚህ የምደብቀው።

በሁለተኛው ሳምንት ወንበር ተቀያየሩ። ያው ፋይል፣ ያው ክሌይም፣ ያው ሦስት ከረጢት። ለጤፉ የጮኸው ልጅ አሁን ለፓተንቱ ይቁም፣ አምስት ደቂቃ፣ መክፈቻውን ከግድግዳው አራት ቁራጮች ይጀምር።